ንጉሡ ሳጥን ውስጥ የገባበት ሥዕል

ስለ ሮኮኮ፣ ማለትም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ስለተወለደው የጥበብ ስልት፣ በተነሳ ቁጥር የማይቀር አንድ አስተያየት አለ። «የጠገቡ መኳንንት መጫወቻ» ይባላል። ሮዝ ቀሚስ፣ ዥዋዥዌ፣ ክንፍ ያላቸው ሕፃናት፣ በቃ። ከሱ በፊት የነበረው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ዘመን ጥበብ ግን «ታላቅ» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድን ነገር ታላቅ የሚያሰኘው ስፋቱና ወርቁ ከሆነ ሌላ ነገር፤ ሰውን ማየት ከሆነ ግን ሮኮኮ ተበድሏል ባይ ነኝ።

እስቲ ከ«ታላቁ» እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሉዊ 14ኛ አባቱ ለአደን ማረፊያ ያሠራትን የቬርሳይን ቤት አስፋፍቶ በ1682 መንግሥቱን ጠቅልሎ እዚያ ገባ። መኳንንቱንም አጠገቡ ሰበሰባቸው። ጠዋት ንጉሡ ሲነሳ ቆሞ ማየት ክብር ነው። ማታ ሊተኛ ልብሱን ሲያወልቅ ሻማ መያዝ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ክብር ነው፣ ንጉሡ ራሱ መርጦ ነው የሚሰጠው። በየአገሩ ጌታ የነበረ ሰው ዓይኑን ከአንድ ሰው ፊት ሳይነቅል ዕድሜውን ይጨርሳል።

ጥበቡም እንደዚያው ነበር። የመስታወት አዳራሹ 73 ሜትር ይረዝማል፤ 357 መስታወቶች አሉት። መስታወት ያኔ የቬኒስ ሰዎች የሚሰስቱለት ሙያ ስለነበር ፈረንሳዮች ባለሙያዎቹን ከቬኒስ ደሴት ከሙራኖ አስኮብልለው ነው ፋብሪካ ያቋቋሙት። ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ብታዩ ሻርል ለብሩን የሣላቸው 30 ሥዕሎች አሉ፤ ንጉሡ ሲያዝ፣ ንጉሡ ሲያሸንፍ፣ ንጉሡ የራይንን ወንዝ ሲሻገር። በ1648 የተቋቋመው የሠዓሊዎች አካዳሚም ለሥዕል ደረጃ አወጣለት። የታሪክና የጀግና ሥዕል ከላይ፣ ፍራፍሬና የቤት ዕቃ ከታች።

ያ ሁሉ ድምቀት ዋጋ ነበረው። በ1689 ንጉሡ ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው የቬርሳይን የብር ዕቃዎች አቅልጦ ሳንቲም አደረጋቸው። በ1709 ክረምት ብርዱ እህሉን ፈጀው፣ ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። ንጉሡ በ1715 ሲሞት አልጋ ወራሹ ገና 5 ዓመቱ ነበር። እንደራሴው መስፍን ሕፃኑንም መንግሥቱንም ይዞ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። መኳንንቱም ተከተሉ።

ሮኮኮ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። የፓሪስ ቤት እንደ ቬርሳይ አይደለም። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ሰው ተቀምጦ ይጫወትበታል፣ የሴቶቹ ቃል ይሰማበታል። ትንሽ ክፍል ውስጥ ጦር ሜዳ አይሰቀልም። ስለዚህ ሥዕሉ አነሰ፣ ቀለሙ ፈካ፣ የግድግዳው ማዕዘን እንደ ባሕር ዛጎል ተጠማዘዘ። ስሙ ራሱ ከድንጋይና ከዛጎል ጌጥ የመጣ ነው።

አሁን ወደምወደው ሥዕል ልምጣ። የሮኮኮው ሠዓሊ አንትዋን ዋቶ በ1720 ገደማ በጠና ታሞ ለወዳጁ ለሥዕል ነጋዴው ለዤርሳን ታፔላ ሣለለት። አዎ፣ የሱቅ ታፔላ። ዤርሳን በኋላ እንደጻፈው ጠዋት ጠዋት ብቻ እየሠራ በ8 ቀን ጨርሶታል። ብዙም ሳይቆይ በ1721 በ36 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሉ ዛሬ በርሊን ሻርሎተንበርግ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው።

በግራ በኩል ሠራተኞች ዕቃ እያሸጉ ነው። መሬት ላይ ጭድ አለ። ሳጥኑ ውስጥ ቀስ ብለው የሚያስገቡት የሉዊ 14ኛን ምስል ነው። ፊቱ እስከ ዊጉ ይታያል፣ የቀረው ሊሸፈን ነው። አጠገቡ ሮዝ ሳቲን የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታን ከኮብልስቶኑ ወደ ሱቁ ስትገባ ምስሉን ዞር ብላ ታየዋለች። ታየዋለች፣ ግን አትቆምም። ወንዱ እጁን ዘርግቶላታል። በቀኝ በኩል ሽማግሌ ተንበርክኮ አንድ ትልቅ ሥዕል ይመረምራል፣ ጥግ ላይ ውሻ ቁንጫውን ይለቅማል።

የሱቁ ስም «ታላቁ ንጉሥ» ስለነበር ነገሩ በስሙ መጫወት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን ንጉሡ በሞተ በ5 ዓመቱ ምስሉን ሳጥን ውስጥ መክተት፣ ያውም ከዕቃ ተሸካሚና ከውሻ ጋር በአንድ ሥዕል ላይ፣ ለብሩን በሕልሙም የማያስበው ነገር ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ ለሚለኝ፣ ጥያቄው ልክ ነው። ዋናው የመሬት ግብር የወደቀው ገበሬው ላይ ነበር፣ ስኳሩም ከካሪቢያን ባሮች ጉልበት ነው የመጣው። ይህ ግን የቬርሳይም የሮኮኮም ዕዳ ነው። አንዱን «ታላቅ» ብሎ ሌላውን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞ ዘመኑ የዥዋዥዌ ብቻ አልነበረም። በ1728 ሻርዳን የሚባል ሠዓሊ አካዳሚው ውስጥ የገባው በታችኛው ደረጃ፣ በእንስሳትና በፍራፍሬ ሠዓሊነት ነው። እሱን ሮኮኮ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ሮኮኮ ለትንሽ ሥዕል የከፈተው በር ባይኖር ማን ያየው ነበር? በ1740 ለሉዊ 15ኛ አንድ ትንሽ ሥዕል አበረከተ። ጣሪያ ሙሉ ራሱን ያሣለው የዚያ ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጅ የተቀበለው ሥዕል ላይ ጀግና የለም። እናት ሾርባ ልታወጣ ጎንበስ ብላ፣ ትንሹ ልጅ እጁን አጋጥሞ የማዕድ ጸሎት ሲያደርስ ትጠብቀዋለች። መጫወቻ ከበሮው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል።