እንግዳ ሊመጣ ነው፣ በረኪናውን አምጡ!

"እንግዳ እየመጣ ነው" ከተባለ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት በአዲስ አበባ ቤቶች የራሷ ሥርዓት አላት። ሳሎን የተዝረከረከው ሁሉ መኝታ ቤት ይታጎራል፣ መኝታ ቤቱ ይቆለፋል፣ ሽንት ቤት ውስጥ ግማሽ ጠርሙስ በረኪና ይደፋል። ሽታው አፍንጫ ካልሰነፈጠ ቤቱ ጸድቷል ብሎ የሚያምን የለም። እንግዳውም ዓይኑ እንባ እያቀረረ "አቤት ንጽሕና!" ይላል።

በረኪና ሥራው የታወቀ ነው፤ ጀርም ይገድላል፣ ቀለም ያነጣል። በሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥ በውሃው ልክ ዙሪያውን የተጋገረው ቡናማ ቀለበት ግን ኖራና ዝገት ነው። በረኪና ላዩን ያነጣውና ሁለት ቀን የጸዳ ያስመስለዋል፤ ቅርፊቱ ሸካራ ሆኖ ስለሚቆይ አዲስ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። የዝገቱን እድፍማ ጭራሽ ሊያጠብቀው ይችላል።

በዚህ መሃል ባልየው ይደርሳል። "እናንተ ጉልበት አታወጡም እኮ!" ብሎ ሽቦ ያነሳል። ቀለበቱ ይለቃል፣ ከነሳህኑ ልስላሴ። በተጫረው ቦታ ላይ የሚቀጥለው ቀለበት ከበፊቱ ፈጥኖ ይጋገራል፤ ባልየውም ደግሞ ይጠራል።

ኖራን የሚያሟሟው አሲድና ትዕግሥት ነው። አሲዱ ሱቅ የሚሸጠው አቸቶ ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የትም አይሸጥም። መጀመሪያ በሳህኑ ውስጥ የቆመውን ውሃ በመጥረጊያው ብሩሽ ወደ ውስጥ ገፍታችሁ አጉድሉት፤ አለዚያ አቸቶው ቀጥኖ ከንቱ ይሆናል። ሶፍት በአቸቶ አርሳችሁ ቀለበቱ ላይ ዙሪያውን ለጥፉና አሳድሩት። ጠዋት ሶፍቱን አንስታችሁ (እዚያው ለቃችሁ ፍሳሹን እንዳትደፍኑት) በተራ ብሩሽ ፈትጉ። የዓመታት ቅርፊት ከሆነ ሁለትና ሦስት ሌሊት ይፈልጋል። የሻወሩ ቀዳዳዎች ሲደፈኑም ያው ነው፦ ፌስታል ውስጥ አቸቶ አድርጎ ሻወሩ ላይ በላስቲክ አስሮ ማሳደር። ለውሃ ማፍያ ደግሞ አቸቶና ውሃ እኩል በእኩል አፍልቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ከዚያ በደንብ አለቅልቆ አንድ ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው፤ ካልሆነ የእንግዳው ሻይ አቸቶ አቸቶ ይላል።

እብነ በረድ ላይ ግን አቸቶም ሎሚም አይድረስ። እብነ በረዱ ራሱ ከኖራው ጋር የአንድ ዘር ልጅ ስለሆነ አብሮ ይበላል።

አሁን ወደ ቀላቃዮቹ እንምጣ። ስልክ ላይ አንዷ በረኪናውንም፣ ሎሚውንም፣ ኦሞውንም አንድ ባልዲ ውስጥ ስትገለብጥ ያየ ሁሉ ኬሚስት ሆኗል። በረኪና ከአቸቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ጉሮሮ ሲከረክር "ኃይለኛ ነው፣ እየሠራ ነው" የሚባለው ያኔ ነው። እየሠራ ያለው ሳንባ ላይ ነው! ጥሎ መውጣት፣ ከተቻለ መስኮት መክፈት፣ አየሩ እስኪጠራ አለመመለስ። በረኪናን በባዶ የውሃ ሃይላንድ ቀድቶ ከመጠጥ ውሃው ጎን የሚያስቀምጠው ቤት ደግሞ ልጅ ያለበት ቤት መሆኑ አይጣል ነው።

ማዕድ ቤት ስንገባ ጠላቱ ይለወጣል። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ሲቁላላ የሚፈነጠቀው ዘይትና በርበሬ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ሴራሚክ ያለብሰዋል። ዕለቱን በሙቅ ውሃና በላርጎ ቢጠረግ ይለቅ ነበር። ለፋሲካ የተፈነጠቀው ለመስቀል ሲታወስ ግን ዘይቱ በአየርና በሙቀት እንደ ቫርኒሽ ደርቋል። እዚህ አቸቶ ጡረታ ይወጣል፤ ተረኛው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃና በጥቂት ላርጎ ለውሳችሁ ቀቡት፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለጥፉበት፣ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉ። ያረረ የማይዝግ ድስትም ውሃ ሞልቶ በሁለት ማንኪያ ሶዳ አሥር ደቂቃ ቢፈላ በእንጨት ማንኪያ ይላቀቃል። አልሙኒየም ከሆነ ግን ሶዳው ያጠቁረዋል።

ሶዳውንና አቸቶውን አንድ ላይ ሲንክ ውስጥ መድፋት የዘመኑ ትርዒት ነው። አረፋው ሲንፈቀፈቅ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። ሁለቱ እርስ በርስ ተጠፋፍተው የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው፤ ቱቦው እንደተደፈነ ነው።

የደፈነውማ ቅቤ ነው። ትኩስ ወጥ ሲደፋ ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል፣ ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ይረጋል፣ የቡና አተላ ይደርብበታል። "ማን ነው አተላ እዚህ የሚደፋው?" ሲባል ደፊዋ ሁልጊዜ ከቤቱ ከወጣች ዓመት የሞላት ሠራተኛ ናት። ከሲንኩ ሥር ባልዲ አስቀምጡና ሲፎኑን (ከሥር ያለውን የታጠፈ ቱቦ) በእጅ ፍቱት፤ አብዛኛው የፕላስቲክ ሲፎን መፍቻ አይፈልግም። ቅቤው፣ አተላው፣ ሩዙ ይወጣል። አንዳንዴም በዚያችው ሠራተኛ የተሳበበው የጣት ቀለበት ይወጣል። ይኼኔ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ስልክ አንስቶ የሚደውልላት ግን የለም።

ሲፎኑን በሙቅ ውሃና በላርጎ አጥባችሁ ስትመልሱ የላስቲክ ቀለበቷን አትርሷት፤ ተጣማ ከገባች ታንጠባጥባለች። ሲንኩን በውሃ ሙሉና ክዳኑን አንድ ጊዜ ልቀቁት፤ ከሥር ደረቅ ሶፍት አንጥፉ። ሶፍቱ ከረጠበ እንደገና ፍቱት፤ ባልዲውን ግን አስቀድማችሁ ባዶ አድርጉት።