እርማት፦ «ኒገርድሊ» ከዘረኛው ስድብ አልመጣም

«ኒገርድሊ» የሚለው የድሮ የእንግሊዝኛ ቅጽል ጥቁሮችን ከሚያዋርደው ስድብ የወጣ ነው ላላችሁ፣ አይደለም። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ እንጂ አይዛመዱም።

ትርጉሙ ንፉግ፣ ቆንቋና ማለት ነው። እጁ የማይፈታ ሰው ወይም የማያወላዳ በጀት በዚህ ቃል ይገለጻል። ሥሩ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ አለ፤ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ሳይመጣ አይቀርም። ስድቡ ግን ጥቁር ከሚል የላቲን ቃል ተነስቶ፣ በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ በኩል ዘግይቶ የገባ ነው።

ይህ ስህተት ሰው ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 1999 የዋሽንግተን ዲሲ ከንቲባ የአንቶኒ ዊልያምስ ረዳት የነበሩት ዴቪድ ሃዋርድ ስለ በጀት ሲነጋገሩ ቃሉን ተጠቀሙ። ዘረኛ ስድብ ተናገሩ የሚል ወሬ ተዛመተ። በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀቁ። የጥቁሮች መብት ታጋዩና በወቅቱ ኤንዳብልኤሲፒ የተባለው የአሜሪካ ጥቁሮች መብት ድርጅት ሊቀመንበር የነበሩት ጁሊያን ቦንድ ሳይቀሩ ተከራከሩላቸው። ከንቲባውም ኋላ ላይ ወደ ሥራ እንዲመለሱ ጠየቋቸው።

እንደዚያም ሆኖ ቃሉን ተጠቀሙበት አልልም። በተለይ አሜሪካ ለምትሠሩ፣ ንፉግ ማለት የሆነው ሌላው የእንግሊዝኛ ቃል «ስቲንጂ» ይበቃል። ሰምቶ የሚደነግጥ ባልደረባ ቢኖር አልፈርድበትም።