ከጎረቤት ጋር ስንደራደር ቀረጥ የመጨረሻው አጀንዳ ይሁን

ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ሥር የመጀመሪያ ጭነቷን ስትልክ አብዛኛው ወሬ ስለ ቀረጥ ነበር፤ ስንት በመቶ ይነሳል፣ በስንት ዓመት ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀረጥ ጊዜ ከተሰጠው መስማማት ይቻላል። ከጎረቤት ጋር የተፈረመን ስምምነት ወረቀት ላይ የሚያስቀሩት የሥሪት አገር ሕግ (አንድ ዕቃ የየትኛው አገር ምርት እንደሆነ የሚወስነው)፣ የጥራት ምርመራና የክፍያ ሥርዓት ናቸው። ተደራዳሪዎቻችን እነዚህን ሳይቋጩ የቀረጥ ሠንጠረዥ መለዋወጥ የለባቸውም።

ለመሆኑ ቀረጥ ስንል ምን ማለታችን ነው? መድንና ማጓጓዣውን ጨምሮ 100,000 ብር የሚያወጣ፣ ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ ሞያሌ ላይ ደረሰ እንበል። ከፍተኛው የቀረጥ ልክ 35 በመቶ ቢሆን ቀረጡ 35,000 ብር ነው። ቫት የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ የ135,000 ብር 15 በመቶ፣ ማለትም 20,250 ብር ይመጣል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ የዚያን ሁሉ ድምር ይዞ 15,525 ብር ይሆናል። የሦስቱ ድምር 70,775 ብር ማለት ነው። ቀረጡ ዜሮ ሲሆን ቫቱ 15,000፣ ሱር ታክሱ 11,500 ሆኖ አስመጪው ለሁለቱ ብቻ አሁንም 26,500 ብር ይከፍላል። ቫት አገር ውስጥ በተመረተውም ላይ ስላለ ጎረቤት ቅር አይለውም። ሱር ታክስ ግን የሚጣለው በገቢ ዕቃ ላይ ብቻ ነው። የስምምነቱ ረቂቅ «ቀረጥና ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ክፍያዎች ይነሳሉ» ካለ፣ የኬንያ ተደራዳሪ በመጀመሪያው ቀን ጣቱን የሚቀስረው ሱር ታክሱ ላይ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር መልሱን አስቀድሞ ካልሰጠ ልዑካኑ ስብሰባው መሐል ስልክ ፍለጋ ይወጣሉ።

የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያን (ኮሜሳን) ብንወስድ ዘጠኝ አገሮች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 ነፃ የንግድ ቀጣናውን ሲጀምሩ ኢትዮጵያ ውጪ ቀርታ ለአባላቱ ከቀረጡ ላይ የ10 በመቶ ቅናሽ ብቻ ስትሰጥ ኖራለች። 35 በመቶ የነበረው 31.5 ሆነ ማለት ነው፤ ለዚያ ቅናሽ ብሎ ሰነድ የሚያሟላ ነጋዴ ብዙ አይደለም።

በአህጉራዊው ስምምነት 90 በመቶ የሚሆኑት የታሪፍ መስመሮች (በቀረጥ ሠንጠረዡ ላይ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው የዕቃ ዓይነቶች) ቀረጣቸው ይነሳል፤ ላላደጉ አገሮች የተሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። 7 በመቶው ረዘም ያለ ጊዜ ያገኛል፣ 3 በመቶው ከነአካቴው ከስምምነቱ ውጪ ይቀራል፤ ቀረጡ አይነሳም። አንድ አገር 6,000 መስመር ቢኖራት የሚቀረው 180 ነው። ከአፍሪካ የምናስገባው በጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ላይ የተከማቸ ስለሆነ 180 መስመር በደንብ ተመርጦ ገበያውን ሁሉ ሊዘጋ ይችላል። ለዚህ ነው ስምምነቱ የሚቀሩት ዕቃዎች ዋጋ ከአፍሪካ ከሚገባው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ሌላ ገደብ የጣለው። ዝርዝሩ ሲዘጋጅ የሚሰማው የትልልቅ አምራቾች ድምፅ ነው። የእነሱን ምርት እንደ ግብዓት የሚገዛው አነስተኛ ወርክሾፕ ስብሰባው ላይ አይጠራም። ረቂቅ ዝርዝሩ ከነመለያ ቁጥሩ ለሕዝብ ይውጣ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም።

ወደ ሥሪት አገር ሕግ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በኮሜሳ ሕግ አንድ ዕቃ የአባል አገር ምርት ለመባል ካሉት መንገዶች አንዱ፣ ከፋብሪካ መውጫ ዋጋው ቢያንስ 35 በመቶው አገር ውስጥ የተጨመረ መሆኑ ነው። ሸሚዝ የሚሰፋ ፋብሪካ የ3 ዶላር ጨርቅ ከውጭ አስገብቶ አገር ውስጥ 150 ብር ዋጋ ይጨምራል እንበል። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ጨርቁ 171፣ ሸሚዙ 321 ብር ይሆናል፤ የአገር ውስጡ ድርሻ 46.7 በመቶ ስለሆነ ያልፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ገበያው ተለቆ ውሎ አድሮ ዶላር 114 ብር ሲገባ ያው ጨርቅ 342፣ ሸሚዙ 492 ብር ሆነ፤ ድርሻው ወደ 30.5 በመቶ ወርዶ ይወድቃል። ፋብሪካው አንድ መርፌ ሳይቀይር፣ አንድ ሠራተኛ ሳይቀንስ ከገበያ ወጣ ማለት ነው። ደሞዙም ሌላውም ወጪ ቀስ በቀስ ያድጋል፤ ትዕዛዙ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ስለዚህ ምንዛሪው ለማይረጋ አገር የሚሻለው በመለያ ቁጥር ለውጥ ላይ የቆመ ሕግ ነው። የጥጥ ጨርቅ በ5208 ገብቶ የወንድ ሸሚዝ ሆኖ በ6205 ከወጣ፣ እዚህ ተሰርቷል ማለት ይበቃል። የኮምቦልቻና የባሕር ዳር ዓይነት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በዚህ አይደሰቱም፤ ክሩም እዚሁ ይፈተል የሚል ጠንካራ ሕግ ቢኖር ይጠቅማቸዋል፣ ክርክራቸውም እውነት አለበት። መካከለኛው መንገድ ልሉን ሕግ ለተወሰኑ ዓመታት መውሰድና ማብቂያውን ከወዲሁ መጻፍ ይመስለኛል።

ድንበር ላይ መኪና የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። ቦሎቄ የጫነ መኪና ሞያሌ ይደርሳል። የሥሪት አገር ሰርተፍኬቱ ላይ የቦሎቄ መለያ ቁጥር 0713.33 ተጽፏል፤ ለጉሙሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ (ዲክላራሲዮን) ላይ ሌላ ጥራጥሬ ተመዝግቧል፤ ሙሉ ቀረጥ ይጠየቃል። ወይም ሰርተፍኬቱን የፈረመው ባለሙያ አዲስ ነው፤ የፊርማና የማኅተም ናሙናው ለወዲያኛው ጉሙሩክ አልተላከም፤ ሰነዱ «እስኪጣራ» ይያዛል። የሁለቱም መድኃኒት ርካሽ ነው፤ በየወሩ የሚታደስ የናሙና ልውውጥ፣ ለተራ የጽሑፍ ስህተት ዕቃው እንዳይያዝ የሚከለክል አንቀጽ፣ አጠራጣሪ ሲሆን ደግሞ በዋስትና የሚለቀቅበት ደንብ።

ከቀረጥ ነፃ መሆን ከጥራት ምርመራ እንደማያድን ኬንያ ራሷ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 አፍላቶክሲን (ሻጋታ የሚፈጥረው መርዝ) አለበት ብላ የኡጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ አገደች። ሦስቱም የአንድ ጉሙሩክ ኅብረት አባላት ናቸው፤ በመካከላቸው ቀረጥ የለም። እገዳው በቀናት ውስጥ ሲነሳ የአስመጪ ምዝገባና መርዙ ከ10 ፒፒቢ (ከቢሊዮን አሥር እጅ) የማይበልጥ መሆኑን የሚያሳይ ሰርተፍኬት ግዴታ ሆኑ። የጤናው ሥጋት እውነተኛ ነው። የተበደለው መንገድ ላይ የነበረው ጭነት ነው። እኛ ስንደራደር የላቦራቶሪ ውጤትን መቀባበል፣ እገዳ ሲጣል ቀድሞ ማሳወቅና የተጫነውን አለመንካት በጽሑፍ ይስፈሩ።

ደግሞ ኬንያ ብቻዋን አትቀመጥም። ከስምንቱ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት ኬንያ፣ ሶማሊያና ደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ማኅበረሰቡም የጋራ የውጭ ታሪፍ አለው። ናይሮቢ ለአዲስ አበባ የምትሰጠው ካምፓላንም ዳሬሰላምንም ይነካል።

ክፍያን በተመለከተ ከራሳችን ታሪክ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። ኤርትራ ነፃ ከወጣች በኋላ ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ይገበያዩ ነበር። በ1990 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ አስመራ ናቅፋን አወጣች። ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ይመንዘሩ የሚለው ሐሳቧ ተቀባይነት አላገኘም፤ አዲስ አበባ ከ2,000 ብር ከማይበልጥ የድንበር ንግድ በስተቀር ሁሉም በውጭ ምንዛሪ፣ በኤልሲ (ባንክ ለሻጩ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ) ይሁን አለች። ዶላር ያልነበራቸው የሁለቱም ወገን ነጋዴዎች ቆሙ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ንግዱ ግን ከዚያ በፊት ታሟል።

ስለዚህ ከእንግዲህ የምንፈርመው ማንኛውም የጎረቤት ስምምነት የክፍያ አባሪ ሊኖረው ይገባል። በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል፣ የዕለቱን ዋጋ ማን እንደሚያወጣ፣ ባንኮች በስንት ቀን ሒሳብ እንደሚያወራርዱ፣ አንዱ ወገን የምንዛሪ ሥርዓቱን ሲቀይር ለሌላው ከስንት ቀን በፊት እንደሚያስታውቅ፣ ኤልሲ ሳይከፈት የሚያልፈው የድንበር ንግድ ጣሪያም ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። የሁለቱ ብሔራዊ ባንኮች ሰዎችም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ይቀመጡ።