ልጅ በእድሉ ያድጋል

ወንድሜ ቀለም ቀቢ ነው። ደህና ብር ያገኛል፤ ግን እጁ ላይ አይበረክትም። የተከፈለው ዕለት ማታ ሥጋ ቤት ይገባና ጥሬ ሥጋ ያስቆርጣል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው ሳይቀር "ሂሳብ በኔ ነው" ይላል፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ "እት አበባ፣ እስከ ሰኞ ሁለት ሺህ ብር አታበድሪኝም?" ብሎ ይደውልልኛል። የትኛው ሰኞ እንደሆነ ነግሮኝ አያውቅም።

ሁለት ልጆች አሉት። ስለነሱ ሳነሳበት "ልጅ በእድሉ ያድጋል" ይላል። ትምህርት ቤቱ ግን በእድል አይመዘግብም፤ መስከረም ሲጠባ ብር ነው የሚጠይቀው። አራት ዓመት ሙሉ የከፈልኩት እኔ ነኝ። እድላቸው እኔ ነኝ ማለት ነው።

አምና ቆረጥኩ። የትልቁን ልጅ የልደት ሰርተፍኬት አስይዤ ባንክ ወሰድኩትና በልጁ ስም የቁጠባ ደብተር አስከፈትኩት። አምስት መቶ ብር እኔ መረቅኩ። በየወሩ አንድ ሺህ ሊያስገባ "እማዬ ትሙት!" ብሎ ማለልኝ (የኔም እናት መሆኗን ረስቶ)።

ልጁ ሕፃን ስለሆነ ብር አውጪው አባትየው ነው። የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛው ወር ደብተሩን ሳየው የቀረችው ለታክሲ የምትሆን ናት። ስጠይቀው ዓይኑን አላሸም፦ "ልደቱን አከበርንበታ! ለሱ አይደል እንዴ የተቀመጠው?" ልደቱ ላይ ነበርኩ። ኬኩ ላይ የልጁ ፎቶ ታትሟል፤ የገዛ ፊቱን ከግንባሩ ጀምሮ ሲገምጥ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የዩኒቨርሲቲ ብሩን እየበላ መሆኑን በምን ልወቅ?

ቀጥሎ እቁብ አስገባሁት። ወንድሜ ባንክ አይፈራም፣ ደንብ አስከባሪ አይፈራም፣ የእቁብ ጸሐፊ ግን ይፈራል፤ ባንክ በርህ ላይ ቆሞ ጎረቤት እየሰማ "ያንተ ብቻ ነው የቀረው" አይልህማ። እውነት ለመናገር አንድም ሳምንት ሳይጥል ቀርቶ አያውቅም፤ ግማሹን ከኔ እየተበደረ ቢሆንም። ብሩ እንዲጠራቀምለት ብዬ የመጨረሻው ዕጣ የሱ እንዲሆን ዳኛውን ለምኜ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሦስተኛው ከደረሰው ሰውዬ ጋር ተቀያይሮ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ገዛበት። "ልጆቹ ይማሩበታል" አለኝ። እስካሁን የተማሩት አርሰናል ስንተኛ እንደሆነ ነው።

ስቆጣው ግን አንዳንዴ አፌን ያስይዘኛል። "አንቺስ ምን አተረፍሽ? ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር 57 ብር ነበር፤ ገበያው ይወስነው ሲባል ወር ሳይሞላው መቶን አለፈ። ያንቺ ብር ባንክ ተኝቶ ከሳ፣ የኔ ሥጋ ይኸው አለ" ብሎ ሆዱን ይመታል። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ ጤፍ ሻጩ ደግሞ 7 በመቶ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ምን ልበለው? "ቢሆንም" አልኩት።

በቀደም ሚስቱ ደወለችልኝ። "እት አበባ፣ እሱን ተይውና ባንክ አብረሽኝ ሂጂ።" ለልጆቹ አዲስ ሂሳብ ልትከፍት ነው፣ አውጪዋ እሷ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ በፌስታል የተጠቀለለ ብር አወጣች፤ በላስቲክ የታሰረ፣ ጠርዙ ቀላ ያለ። ካሸሯ መቁጠር ጀመረች። ጥቂት እንደቆጠረች አስነጠሳት፤ "ይማርሽ" አልናት። ደገማት። በሦስተኛው እንባዋ መጣ፣ አንዱን መቶ ብር አንስታ አሸተተችውና ቀና ብላ እኛን አየችን።

"በርበሬ ጣሳ ውስጥ ነው የማስቀምጠው" አለች የወንድሜ ሚስት በሹክሹክታ። "እሱ እንደሆነ ወጥ ቤት ድርሽ አይል።" ከአስቤዛው እየቀነሰች ስታጠራቅም ስድስት ዓመቷ ነው።

"ታዲያ ለኔ እንኳ አትነግሪኝም?" አልኳት፣ ትንሽ ከፍቶኝ።

"ብነግርሽ አውጥተሽ ታበድሪዋለሻ!"

ዝም አልኩ። ደረሰኙን ተቀብለን ስንወጣ ግን አላስቻለኝም፤ "ያለሽ ብር ይሄው ነው?" አልኳት።

"የሚጥሚጣው ገና አልተነካም" አለችኝ።