ላውድ ላይ ያላችሁ፣ ኑሩልን!

ሞባይል የት ተወልዶ የት እንዳደገ ብዙ ተጽፏል። ለወግ ለማዕረግ የበቃው ግን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ መሆኑን የጻፈ የለም። ውለታው የላውድ ሰዎች ነው፤ የስልካቸውን ድምፅ ማጉያ ከፍተው ወሬያቸውን ለተሳፋሪው ሁሉ የሚያሰሙት። ይሄ ውለታ ተበልቶ መቅረት የለበትም።

መቼም አጀማመሩ ያምር ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1973 የሞቶሮላው መሐንዲስ ማርቲን ኩፐር ኒው ዮርክ ውስጥ መንገድ ላይ ቆመ። ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ቀፎ ጆሮው ላይ ለጠፈ። በእጅ በሚያዝ ሞባይል የመጀመሪያውን ጥሪ አደረገ። ለማን ደወለ? ለተፎካካሪው፣ ለቤል ላብስ መሐንዲስ ለጆኤል ኤንግል። ቀደምኩህ ሊለው! እንግዲህ የመጀመሪያው የሞባይል ጥሪ መንገደኛ ፊት የተነፋ ጉራ ነው። የኛ ሰዎች ይህን አመል ከየት አመጡት የምትሉ ካላችሁ፣ ከምንጩ ነው።

ነገሩን ያበላሹት ከዚያ ወዲህ የመጡት ናቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ የተፈቀደለት የሞቶሮላ ዳይናታክ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። አሥር ሰዓት ያህል ቻርጅ ተደርጎ የሚያስወራው ግማሽ ሰዓት ነው። ከደሴ መናኸሪያ እያወሩ ቢነሱ ኮምቦልቻ ሳይደርሱ ይዘጋል። ወሬ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ግፍ ነው። ይህን ማሻሻላቸው ደግ አደረጉ። ግን እዚያ ላይ መች አቆሙ? ቀፎውን ያሳንሱት ጀመር። በ1992 እ.ኤ.አ. ጭራሽ ድምፅ የሌለው የጽሑፍ መልእክት አመጡ። የመጀመሪያው መልእክት «መልካም ገና» የሚል ነበር። ተላከ፣ ደረሰ፣ ጎረቤት የሰማ የለም። የበዓል ምኞት እንኳን ለብቻ! ከዚያ የጆሮ ማዳመጫው መጣ፤ ሽቦ አልባውም ተከተለ። አሁን ነጭ ነገር ጆሮው ውስጥ ወትፎ ለብቻው የሚስቅ ስስታም አጠገብህ ይቀመጣል። ምን እንዳሳቀው አይነግርህም።

እኛ አገር ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ነገሩ የጥቂቶች ነበር። ኋላ ነው ለሁሉም የተዳረሰው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣችውን ኖኪያ 1100 አትርሷት፤ ባለ ባትሪዋን። በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣለች። መብራት ሲጠፋ ባለቤቷ ብቻ ሳይሆን ደጅ ያለው ሁሉ በብርሃኗ ይሄድ ነበር። መብራቱ ለሁሉም ከሆነ ወሬው ለምን ለአንድ ሰው ይሆናል?

ይህን ጥያቄ የመለሱልን የላውድ ሰዎች ናቸው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር አብልተዋል። እነዚህ ደግሞ በሚኒባስ ወሬ ያበሉናል፤ ያውም ሳንጠራ። ጅዳ ያለች የማናውቃት ልጅ በኢሞ ስትደውል አብረን እንናፍቃለን። የማናውቀው ሰው ሲፋታ አብረን እናዝናለን። መንገዱም ቢሆን ቁልቁለት ነው፤ ጆሮ ይደፈናል። እነሱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?

በቀደም አንዱ መሀል ወንበር ላይ ነበር። ጎልማሳ ነው፤ ሞባይሉ አዲስ፣ ላስቲኩ ገና አልተላጠም። መጀመሪያ ጤፍ የጫነለት ሹፌር ደወለና «የባለቤትህን ቁጥር ላክልኝ» አለው። መላክ ምን ያደርጋል? ጮክ ብሎ፣ ቁጥር በቁጥር፣ ሁለቴ ነገረው። ኋላ የተቀመጥነው እንዳይቀርብን ብሎ መሆን አለበት። እግዜር ይስጠው።

ቀጥሎ ሚስት ደወለች። ቀፎውን አገጩ ስር አጋደመው።

«የት ደረስክ?»

«ኮምቦልቻ ገብቻለሁ። መናኸሪያ ነኝ፣ ወላሂ።»

ረዳቱ ምን በወጣው! «ዶሮ መዝለያ ወራጅ አለ?» አለ በሙሉ ድምፁ።

ትንሽ ዝም ተባለ። «እሱን ተወው» አለች ሚስት። «ለእናቴ መድኃኒት መግዣ የለኝም ያልከው ሰውዬ አዲስ ሞባይል ከየት መጣልህ?»

ከፊት የተቀመጡ እማማ «ልጅቱ እውነቷን ነው» አሉ። ከኋላ አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ስንት ገዛኸው?» ሲል ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሸንጎ በጽሑፍ መልእክት ይገኛል?

ሰውዬው ላብ ላብ አለው። «አብሽሪ! የድሮው ስልኬ ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ብሩ እሱ ላይ ነው፣ ከሱ ላኪላት። ሚስጥር ቁጥሩ...» ብሎ አራቱንም ቁጥር ጠራላት። «አልሰማሁም» አለች። እኛ ሰምተን ነበር፤ ቢሆንም ደገመልን።

«ለመሆኑ እናቴ ስላንተ ምን እንዳለች ልንገርህ?»

ሹፌሩ ቴፑን ቀነሰ። እማማ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። «ይሄ ሰው፣ አለች እናቴ፣ ይሄ ሰው እኮ...» ስትል ባትሪው አለቀ።

ያልተንጫጫ የለም። ተማሪው ፓወር ባንክ አቀበለ፤ ገመዱ አልገጥም አለ። እማማ የራሳቸውን ቀፎ ከጉያቸው አወጡ። «እንካ ልጄ፣ በኔ ደውል። ሂሳብ አለው፣ አብሽር።» ተቀብሎ አፈጠጠበት። ለካ የሚስቱን ቁጥር በቃሉ አያውቀውም!

ረዳቱ በሩን እንደያዘ ቁጥሩን አንድም ሳይስት አወረደለት። ሚስጥር ቁጥሩንም አስከትሎ።