ፍርዱን በጨረሰ ሰው ላይ ሌላ ፍርድ አንጨምር

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው የተፈረደበትን ጊዜ ጨርሶ ከማረሚያ ቤት ሲወጣ መዝገቡ ይዘጋል፣ ጠባቂው በሩን ይከፍታል፣ እኛም ጉዳዩ አለቀ ብለን ፊታችንን ወደየሥራችን እንመልሳለን። ከሱስ ወይም ከሕመም ጋር ለሚታገል ሰው ግን እጅግ አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው በዚያው ዕለት ነው። ይህን ማወቅ ሲገባን ባለማወቃችን፣ ያወቅነውም ዝም በማለታችን፣ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ከእጃችን ወጥተው ቀርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ መርምሮ ነበር። በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው የግዛቱ ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ፣ ዕፅ ከመጠን በላይ በመውሰድ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 129 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። እንደ ሄሮይን ካለ ዕፅ ተለይቶ የቆየ ሰውነት ቀድሞ ይችለው የነበረውን መጠን መሸከም ይሳነዋል፤ ፍላጎቱ ግን አብሮት ታስሮ አብሮት ይፈታል። በወጣ ማግስት የድሮውን ያህል ሲወስድ ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ «ይህን ያህል ጊዜ ሳይቀምስ ከኖረ ድኗል፤ አሁን ቢመለስበት በገዛ እጁ ነው» የምንል ሁሉ አፋችንን እንሰብስብ። ሳይቀምስ የቆየበት ጊዜ ሰውነቱን ለአደጋ አጋልጦታል እንጂ ከሱሱ አልፈወሰውም።

እስቲ ያንን ሰው በሩ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱት። በእጁ አንድ ፌስታል ይዟል፤ በውስጡ ልብሱና ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚበቃ ኪኒን አለ። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ካርድ ክፍሉ መታወቂያና የሪፈር ወረቀት ይጠይቀዋል። ወረቀቱን ፍለጋ ወደ ማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ሲመለስ «ፋይልህ ተዘግቷል» ይባላል። ማደሪያ ሲጠይቅ አከራዩ ከየት እንደመጣ ሲሰማ ቤቱ ተይዟል ይለዋል። በመጨረሻ ምንም ወረቀት ሳይጠይቅ የሚቀበለው አብሮት ይጠቀም የነበረው የድሮ ጓደኛው ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ወደ ዕፁ ተመለሰ ብለን የምንፈርድበት ሌላውን በር ሁሉ እኛው ዘግተንበት ነው።

ጉዳዩ ሱስ ብቻም አይደለም። የቲቢ ሕክምና ለወራት ሳይቋረጥ መወሰድ ያለበት ነው፤ መሐል ላይ የተቋረጠ እንደሆነ በሽታው መድኃኒቱን ሊላመድና ወደ ቤተሰብና ወደ ጎረቤት ሊተላለፍ ይችላል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትም፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም እንዲሁ መቋረጥን አይታገሡም።

ይህን እንደ ምጽዋት የምታዩ ካላችሁ ተሳስታችኋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች፣ በ24ኛው ደንብ፣ የታራሚዎች ሕክምና የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን፣ ደረጃውም በኅብረተሰቡ ዘንድ ካለው እንዳያንስ፣ ከአጠቃላዩ የጤና አስተዳደር ጋር ተቀራርቦ እንዲደራጅና የኤችአይቪ፣ የቲቢና የዕፅ ጥገኝነት ሕክምና ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ይደነግጋሉ። ኖርዌይ የማረሚያ ቤት ሕክምናን እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕዝብ ጤና አገልግሎት አስረክባለች። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ሄሮይን ያሉ ዕፆችን ሱስ የሚያክሙትን ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊንና ናልትሬክሶን የተባሉ መድኃኒቶች ለታራሚዎች መስጠት ተጀመረ፤ ሰውየው ሲወጣም ውጭ ባለው የሕክምና ማዕከል እንዲቀጥል ተደረገ። በ2016 የመጀመሪያ ስድስት ወራት በቅርቡ ተፈትተው ከነበሩት መካከል በዕፅ የሞቱት 26 ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት በተመሳሳይ ወራት ወደ 9 ወረዱ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» እያላችሁ ይህን ሕክምና የምትነቅፉ ወገኖቼ፣ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ መግባታቸውን ዕወቁ። የልጃችሁን ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት በሐሜት አታስጥሉት።

እናንተ ማረሚያ ቤቶችን የምታስተዳድሩ፣ ሰው የሚፈታበት ቀን አስቀድሞ በመዝገባችሁ የተጻፈ ሆኖ ሳለ ቀጠሮውን በወጣበት ዕለት እንዲፈልግ ለምን ትተዉታላችሁ? ከሳምንታት በፊት ከጤና ተቋሙ ጋር ተነጋገሩ፤ የሕክምናውን አጭር መግለጫ በእጁ ስጡት፤ መድኃኒቱም እስከ ቀጠሮው ቀን ይድረስለት። ቢሮዎች በሚዘጉበት የሳምንት መጨረሻ ዋዜማም አትልቀቁት፤ በእንግሊዝና በዌልስ ይህን ችግር ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2023 ሕግ ወጥቷል። ሆኖም ማስተባበር ማለት የሰውን ምስጢር በየቢሮው መዝራት አይደለም። መረጃው በፈቃዱ፣ ለሚያክመው ባለሙያ ብቻ ይተላለፍ።

እናንተ ቤተሰቦች፣ ዳግም ተጠቀመ ብላችሁ በሌሊት ከቤት አታስወጡት። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻውን አትተዉት። ሲቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ እንቅልፍ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ወዲያው የድንገተኛ እርዳታ ጥሩ፣ እየተነፈሰ ከሆነም በጎኑ አስተኙት። የኦፒዮይድን፣ ማለትም እንደ ሄሮይን ያሉ ዕፆችን፣ ጉዳት የሚቀለብስ ናሎክሶን የሚባል መድኃኒት አለ። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለሚፈቱ ታራሚዎች ይዘውት እንዲወጡ ስትሰጥ ቆይታለች፤ በአካባቢያችሁ የሚገኝ ከሆነ በቤታችሁ ይኑር፣ አጠቃቀሙንም ከባለሙያ ተማሩ።

እናንተም በጤና ተቋም የምትሠሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ወረቀት አልያዘም ብላችሁ በር ላይ አትመልሱት። ካርድ አውጡለት፣ ሕክምናውን ጀምሩለት፣ የጎደለውን መረጃ ከማረሚያ ቤቱ እናንተው ጠይቁ። በቀጠሮው ቀን ካልመጣ «ቀረ» ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ደውሉለት፤ ስልክ ከሌለውም የሚያደርስለት ሰው ስም በመጀመሪያው ቀን ጠይቃችሁ ያዙ።