ኤን1 ብቻውን ዩኒቨርሲቲ አያስገባም

ወንድሜ፣ «ጄኤልፒቲ ኤን1 ካለፍክ የጃፓን ዩኒቨርሲቲ ገባህ ማለት ነው» ያልከው ላይ እርማት አለኝ። ጄኤልፒቲ የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና ነው፤ ኤን1 ደግሞ ከፍተኛው ደረጃው። ብዙ ሰው እንደዚያ ስለሚያስብ አልፈርድብህም።

በጃፓንኛ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጭ አመልካቾች የሚፈልጉት የሌላ ፈተና ውጤት ነው። ኢጄዩ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በዓመት ሁለቴ፣ በጁን እና በኖቬምበር ይሰጣል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ጄኤልፒቲ ሁሉም ምርጫ ነው። ካንጂውን (ከቻይና የመጣውን የጃፓንኛ ፊደል) ካወቅከው መልሱን ታጠቁራለህ፣ ታልፋለህ። ኢጄዩ ግን ድርሰት ያጽፍሃል፤ በ30 ደቂቃ ከ400 እስከ 500 ፊደል፣ በእጅህ። ማንበብ የምትችለውን ካንጂ ባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ሲያቅትህ ያኔ ይገባሃል! ማዳመጡም ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ክፍል ትምህርት የሚመስል ንግግር ይበዛበታል።

ደግሞ «አለፍኩ፣ ወደቅኩ» የሚባል ነገር የለውም። ንባቡና ማዳመጡ ከ400፣ ድርሰቱ ከ50 ይታረማል። ስንት ይበቃል የሚለውን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው።

ሌላው የሚረሳው፣ ኢጄዩ ቋንቋ ብቻ አይደለም። እንደምታመለክትበት ትምህርት ሒሳብ፣ ሳይንስ ወይም «ጃፓን እና ዓለም» የሚባለው ይጨመራል። እነዚህን በእንግሊዝኛ መፈተን ይቻላል፤ ግን ዩኒቨርሲቲው በጃፓንኛ ካልሆነ አልቀበልም ሊል ይችላል።

ኤን1 ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እሱን የሚቀበሉም አሉ፤ የራሳቸውን ፈተናና ቃለ መጠይቅ የሚጨምሩም አሉ። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛትህ በፊት የምትፈልገውን ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ መመሪያ አንብብ።